አርባ ሦስተኛው ቅጠል

የጠዋቱ የሩጫ መግለጫ ሲጀመር የታክሲው ሾፌር እንደ ልማዱ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው፤ ተሳፋሪውም እንደ ልማዱ ወሬውን አቋረጠ።

«ባለፈው ሌሊት በተካሄዱት አርባ ሺህ ሩጫዎች፣» አለች ድምፅዋ የማይወጣና የማይወርድ አንባቢ፣ «የደጋው መንግሥት በሠላሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶው ጸንቷል። የጠረፍ ሱልጣኖች በአራት ሺህ ሁለት መቶው ከባሕር በር ደርሰዋል። አንዞራ በሠላሳ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶው በሦስተኛው ዓመት ቃል ኪዳን አፍርሷል።»

«አሁንም?» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው።

«ምን አሁንም ትላለህ፤ መቼ አክብረው ያውቃሉ?» አለው አጠገቡ ያለው፣ ዝናብ ይጥላል ወይስ አይጥልም በሚባልበት ድምፅ። ከዚያ ስለ ኳስ ማውራት ጀመሩ።

ያፌት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማቸው። ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ 2071 ነበር። ይህንን መግለጫ ለሃያ ስድስት ዓመት አድምጦታል። በየሌሊቱ መካከለኛው ዘመን በማሽን ውስጥ አርባ ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ነገሥታቱ ይነግሣሉ፣ ይዘምታሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይካካዳሉ፤ ሲነጋ ይደመራል። ከድምሩ የሚወጣው ቁጥር «ጠባይ» ይባላል። ጠባይ ያልወጣለት ሕዝብ የለም። መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ጎተራ የት እንደሚሠራ፣ የወንዝ በር ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በጠባይ ነው።

ይህ እንዲህ ይሁን ተብሎ የተወሰነበት አንድ ቀን አልነበረም። በመጀመሪያ ትምህርት ቤቶች ለማስተማሪያ ወሰዱት። ቀጥሎ የድንበር ሽማግሌዎች ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ዳኛ ሲያጡ እስቲ እሱ ምን ይላል ብለው ጠየቁት። በእነዚያ ዓመታት ሰው በታሪክ ምክንያት መሞት ሰልችቶት ስለ ነበር ታሪክን ለማይሞት ነገር አስረከበው፤ ካስረከበም በኋላ እፎይ አለ፤ እፎይታውም እውነተኛ ነበር። ያፌት ያን እፎይታ ያስታውሰዋል። እሱ ራሱ በደስታ አልቅሷል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ነገሩ ጨዋታ ነበር።

አምስት ወጣቶች ነበሩ፤ ያፌት ከመካከላቸው የመጨረሻው ታናሽ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። አንድ የውጭ አገር የጦርነት ጨዋታ ነበረ፤ ሠሪዎቹ የፈረንጆቹን ባላባቶች እየነቀሉ የራስን ታሪክ በላዩ እንዲተክሉበት ለተጫዋቾች ክፍት አድርገውታል። አምስቱ «ዓምደ ዘመን» የሚል ስም ሰጥተው የአገራቸውን መካከለኛ ዘመን ተከሉበት። ሌሎች እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ቡድኖች አንበሳና ወርቅ ሲደረድሩ እነሱ ግን አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፤ በእርሷም ይኮሩ ነበር። ምንጭ የሌለው ቁጥር አይገባም። የአንድ አምባ ግንብ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የአንድ መስፍን ቁጣ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ በጎኑ መጽሐፉና ቅጠሉ ካልተጻፈ ከፋይሉ ይሰረዛል። በኋላ መንግሥት ከሁሉም መርጦ የእነሱን የወሰደው ለዚህች ሕግ ሲል ነው። ያፌትም የዚህች ሕግ ሎሌ ሆኖ አረጀ። በታሪክ ማጣጣሚያ ቢሮ ውስጥ የሥራ መደቡ «ምንጭ ጠባቂ» ይባላል።

ቢሮው እንደ ደረሰ የበሩ ዘበኛ ደወለ።

«አቶ ያፌት፣ አንድ የአንዞራ እናት መጥተዋል። አንድ ዋስ ጎድሏቸዋል።»

ወደ ሕንጻው የሚገባ እንግዳ ሁሉ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ትንሽ የፕላስቲክ መለያ ይሰጠዋል። ሲወጣ ይመልሳል። የአንዞራ ተወላጅ ከሆነ ግን መለያዋን እንደሚመልስ ሁለት ሰዎች ሊዋሱት ይገባል። ያፌት ወርዶ ሲያይ ወይዘሮ ባንቻየሁ ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ከሰልፉ ዳር ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰባኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ልጃቸው የያፌትን ልጅ ሶልያናን ካገባ አምስት ዓመት ሆኖታል።

«አንዱን ዋስ አግኝቻለሁ፣» አሉ ከፊታቸው የቆመውን ጎልማሳ በጃንጥላቸው እያመለከቱ። «እግዜር ይስጠው፣ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝ። ሁለተኛው አማቼ ይሆኑኛል ብዬ ነው።»

ያፌት አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«ለዚች ነው?» አሉ መለያዋን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። «ለዚች ሁለት ሰው የሚምልልኝ? ቤቴ ወስጄ ምን ላደርጋት፣ ወጥ ላማስልባት?»

ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ያፌትም ፈገግ አለ፤ ሊፍቱ ሲዘጋ ግን ፈገግታው የት እንደ ገባ አላወቀም።

ቢሮው ውስጥ ወይዘሮ ባንቻየሁ ከፌስታል ደብዳቤ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ በእጃቸውም ደጋግመው አለሰለሱት።

«ሶልያናስ?» አለ ያፌት፣ ደብዳቤውን ላለማንበብ።

«ደኅና ናት። ሰባተኛ ወሯ ገባ። በጣም ትበላለች፤ እኔ ደስ ይለኛል፣ እሷ ታፍራለች። አሁን ያንብቡልኝ።»

«አውቀዋለሁ ወይዘሮ ባንቻየሁ።»

«ያንብቡልኝ። ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

አነበበላቸው። የአንዞራ ነዋሪዎች፣ ብዛታቸው ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ከምንጩ ሸለቆ ተነሥተው በተዘጋጀላቸው ሥፍራ ይሰፍራሉ። ምክንያት፦ የላይኛው የውኃ በር ቁልፍ ለአንዞራ የተሰጠበት ውል ሦስተኛ ዓመቱን ስለ ያዘ።

«ቁልፉ ሁለት ዓመት በእጃችን ነበር፣» አሉ። «አንድ ቀን ዘግተናል? ታች ያሉት ሰዎች አንድ ማለዳ ውኃ አጥተዋል? ይጠየቁ።»

«አላጡም። መዝገቡም አላጡም ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

«ሦስተኛው ዓመት ነው ችግሩ።»

«ገና ላልሠራነው?»

«ሠርታችኋል ይላል። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት።»

ወይዘሮ ባንቻየሁ ደብዳቤውን አጣጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱት። መስኮቱ ላይ የአንዲት ርግብ ጥፍር ይንኳኳል።

«የአያቴ አባት ሌባ ነበር፣» አሉ በመጨረሻ። «ከብት ሰርቆ ታስሯል፤ ይህን አንክድም፣ በሠርግ ሳይቀር እያነሣን እንስቃለን። ምክንያቱም ማን እንደ ከሰሰው እናውቃለን፤ የላሚቱን ቀለም እናውቃለን። ይህን የውኃ ነገር ግን ከሽማግሌዎቻችን አንድም የሰማው የለም። እርስዎ የምንጭ ሰው ነዎት። ሌላ አልለምንዎትም፤ ይህን ማን እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ገድል ነው። የአባ ኅሩየ ጸጋ ገድል። አርባ ሦስተኛው ቅጠል።»

«አይተውታል?»

ያፌት ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«በዓይንዎ አይተውታል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው ሄደው ይዩልን፣» አሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ እየተነሡ። «ካለ፣ ጠቅልለን እንሄዳለን። እኔ ራሴ ሰዉን እመራለሁ።»

መለያዋን ለዘበኛው መልሰው፣ ስለ መመለሷ በመዝገብ አስፈርመው ወጡ።

ያፌት ማየት አላስፈለገውም ነበር። አርባ ሦስተኛውን ቅጠል የጻፈው እሱ ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጨዋታው ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዞራ ሰነፍ ሆነችባቸው። ትንሿ መስፍንነት ከሸለቆዋ አትወጣም፣ አታጠቃም፣ ለውል ታማኝ ናት፤ የሚጫወት ሰው ከጎኗ ሲደርስ ያንቀላፋል። በኮምፒውተሩ እጅ ያሉ መንግሥታት ሁሉ እንዲህ ከሆኑ ማን ይጫወታል ብለው ጓደኞቹ አጉረመረሙ። ያፌት ፋይሉን ከፍቶ የአንዞራን ታማኝነት ከዘጠና ወደ አምስት አወረደ፤ «በሦስተኛው ዓመት በኅዳር መስፍኑ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ የወንዙን በር ይዘጋል» የሚል አንድ ክስተትም ጨመረ። ጨዋታው ሕይወት ዘራ። ነገር ግን ሕጓ ነበረች። ምንጭ ያስፈልጋል። በመረብ ላይ ፎቶው የተለቀቀ አንድ ያልታወቀ ገድል አገኘ፤ ፎቶ ያነሣው ሰው ከአርባ ሁለት ወደ አርባ አራት ዘሏል፤ መካከለኛው ቅጠል ከመጽሐፉ ወድቆ ነበር። አጣሪ ቢመጣ የፎቶው ጉድለት እንጂ የእሱ ውሸት አይመስለውም። እናም በጎኑ ጻፈ፦ «ገድለ አባ ኅሩየ ጸጋ፣ ቅጠል ፵፫፤ በደብረ ኅሊና ተነብቧል።» ለመስፍኑ ስም ሲያጣ የልጅነት ውሻውን ስም ሰጠው። ቀንጠፋ ይባል ነበር፤ ጎረቤት አጥንት ሲወረውርለት ጥሏቸው የሄደ ውሻ።

ጓደኞቹ አነበቡ፤ «ጎበዝ፣ ከየት ቆፍረህ አወጣኸው» አሉት። የዚያን ቀን ኩራቱ ዛሬም ጉንጩን ያሞቀዋል። በኋላ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ሲቀር፣ አሁን እናገራለሁ አለ። ቀጥሎ፣ በሚቀጥለው እትም ራሱ ይወድቃል አለ። ቀጥሎ ከአርባ ሺህ ሩጫ ውስጥ የእኔ አንዲት ቁጥር ምን ታደርጋለች አለ። እንዲህ እያለ ውሸቱ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀረው።

ወይዘሮ ባንቻየሁ በመጡ ማግሥት ወደ ደብረ ኅሊና ገዳም ሄደ። የሚሻው ቅጠሉን ሳይሆን የቅጠሉን አለመኖር ነበር። ከብራና መጽሐፍ ቅጠል ሲወድቅ ከስፌቱ ሥር የጣት ውፍረት ያህል ቁራጭ ትቀራለች፤ ያችን ቁራጭ ፎቶ አንሥቶ፣ እዚህ ላይ ማንም ምንም አላነበበም ሊል ነበር። ከባቡር ወርዶ ሦስት ሰዓት በእግር ተጓዘ፤ ጉልበቱ በየመቶ እርምጃው ያስቆመው ነበር። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ገና ወጣት የሆነ መነኩሴ ናቸው።

«ከማጣጣሚያው ቢሮ?» አሉ። «እናንተማ ቤተኞች ናችሁ።»

መጽሐፉን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተው አትሮንስ ላይ ዘረጉት፤ ቅጠሉን በቀጭን እንጨት ይገልጣሉ። አርባ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። ያፌት ጎንበስ አለ።

አርባ ሦስተኛው ቅጠል በቦታው ነበር።

የዚያው ጸሐፊ እጅ፤ ያው ቀጭን ጥቁር መስመር፤ የቅዱሱ ስም በቀይ ቀለም። የብራናው መልክ ብቻ ከጎረቤቶቹ ጥቂት ይነጣ ነበር።

«ይህ…» አለ ያፌት።

«አማረበት አይደል?» አሉ አባ ጥዑመ። «ከስምንት ዓመት በፊት የእናንተ ሰዎች መጥተው ነው የሞሉልን። የጎደለውን መጽሐፍ ሁሉ የሚሞላ ክፍል አላችሁ አይደል? ብራናው ፍየል ነው፤ ቀለሙንም እንደ ጥንቱ ነው የበጠበጡት። ጸሐፊው ራሱ ተነሥቶ ቢመጣ እጄ አይደለም ለማለት ይቸግረዋል።»

«ከየት አግኝተው ሞሉት?»

«ከፊቱና ከኋላው ካለው ቃል፣ ከሌሎች መጻሕፍትም፣ ከሩጫውም እያመሳከሩ። እኔ መጀመሪያ አልወደድኩትም። ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን ባይ ነበርኩ። ግን ምስክር አለ አሉን።»

«ምን ምስክር?»

«ቅጠሉ ሳይጠፋ ያነበበው ሰው። እዚሁ መጥቶ አንብቦ፣ ምን እንዳለበት ጽፎ ትቶ ኖሯል። ወጣት ነው አሉ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልን፣ እሱ ባይኖር አባታችን ያዩት ነገር ጠፍቶ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በክብረ በዓሉ ይነበባል። ሕዝቡ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል።»

ጣታቸውን ሳያስነኩ በእንጨቱ እያመለከቱ በዜማ አነበቡ፦ «ወበሣልስ ዓመት ዐለወ ቀንጠፋ መስፍነ አንዞራ፣ ወከልአ ማየ እምሕዝብ።» ከዚያም ፈቱለት፤ በሦስተኛው ዓመት የአንዞራ መስፍን ቀንጠፋ ከዳ፤ ውኃውንም ከሕዝቡ ከለከለ።

ያፌት የውሻውን ስም በብራና ላይ ተመለከተ። ፊደሉ ያማረ ነበር። የቀ ክብ፣ የጠ ሦስት እግር፣ ሁሉም በወግ ቆመዋል።

«አባ፣ ከሥሩ ትንሽ የብራና ቁራጭ አልነበረችም? የድሮው ቅጠል ቅሪት?»

«ነበረች። አዲሱ እንዲገባ ሲጠርዙት አወጧት።»

«የት ናት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ቁራጭ ናት እኮ፤ ምንም አልተጻፈባትም።»

ዶክተር ኤልዳና የቢሮው የሩጫ ክፍል ኃላፊ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት ምንጭ ማጣራትን ያስተማራት ያፌት ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሲገባ ትነሣለች። ያፌት ሁሉንም ነገራት፤ ሰነፏን አንዞራን፣ ፎቶውን፣ የተዘለለውን ቅጠል፣ ውሻውን። አንዴም ሳታቋርጠው አደመጠችው።

«ጋሽ ያፌት፣» አለች ሲጨርስ፣ «ያንን ቁጥር እኮ ከሦስት ዓመት በፊት አውጥተነዋል።»

«ምን?»

«ምንጩ ነጠላ ስለ ነበረ። ሕጉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የታማኝነቱን ቁጥርም፣ የውኃውን ክስተትም አወጣን። ያለ እነሱ ነው የምናስሮጠው።»

«እና ሠላሳ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶው?»

«ያለ እነሱ ነው።»

ያፌት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ከየት ይመጣል ታዲያ?»

«ከሁሉም ቦታ። ከገድሉ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ከገድሉ ወስደዋል፤ የጎረቤት ወረዳዎች የቃል ታሪክ ከመማሪያው ወስዷል። ከዚያ ደግሞ የዋስ መዝገቡ አለ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በአንዞራ ሰው ላይ ሰባት መቶ ሺህ ጊዜ ዋስ ተጠርቷል። ማሽኑ ሰባት መቶ ሺህ ጊዜ ዋስ የተጠራበትን ሕዝብ ምን ብሎ ይረዳው?»

«ዋስ የጠራነው እኮ እኛ ነን! በእኔ ቁጥር የተነሣ ነው የጠራነው!»

«አውቃለሁ፣» አለች ኤልዳና ዝቅ ባለ ድምፅ።

ማወቋ ነበር ያስደነገጠው። እስካሁን የፈራው የማያምነው ሰው እንዳይገጥመው ነበር።

«ምስክርነቴን መዝግቢ።»

«እመዘግባለሁ። ግን ያመጣውን ክብደት ላሳይዎት።» ጠረጴዛው ላይ የበራውን ማያ ገጽ ወደ እሱ አዞረችው። «ባለ ቃሉ በወጣትነቱ ምንጭ እንደ ፈጠረ ራሱ ያምናል። አማቹ የአንዞራ ሰው ናቸው። ልጁ እዚያ ትኖራለች፣ ነፍሰ ጡር ናት። የጠቀሰው ቅጠል በአካል ተገኝቷል። ክብደቱ ከአንድ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት።»

«ስዋሽ ስንት ነበርኩ?»

ኤልዳና ለመመለስ አልፈለገችም፤ ግን መምህሯ ነው።

«ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አራት። ያኔ ጥቅም አልነበረዎትም።»

ኅዳር ዘጠኝ ጠዋት ያፌት አንዞራ ነበር። የላይኛው የውኃ በር ሸለቆው ጠቦ ሁለት ቋጥኞች ከሚቀራረቡበት ላይ ተሠርቷል፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚያዞረው ክብ የብረት መዘውር አለው፤ መዘውሩ በቁልፍ ይከፈታል። ቁልፉ ወይዘሮ ባንቻየሁ አንገት ላይ በጥቁር ማተብ ታስሮ ነበር። ከኋላቸው ሰዉ ተቀምጧል፤ የጠቀለለም አለ፣ ያልጠቀለለም አለ። ሶልያና በትልቅ ድስት ላይ ተቀምጣ፣ አባቷን አይታ እጇን አነሣች፤ ሆዷ ከብዷት አልተነሣችም። ታች፣ በመንገዱ መታጠፊያ፣ ሰዉን ሊወስዱ የሚመጡ መኪኖች አቧራ ይታይ ነበር።

«አዩት?» አሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ። ሰላምታ አላስቀደሙም።

«አየሁት። አለ።»

የሴትዮዋ ትከሻ ወረደ። አቧራውን ተመለከቱ፤ ከዚያ ማተቡን ከአንገታቸው ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ። ቃላቸውን ሊጠብቁ መሆናቸው ለያፌት የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ቆይ፣» አለ ያፌት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቆሞ ነገራቸው። በቢሮው የተናገረውን ያህል አልረዘመም፤ የተናገረው ሁሉ ከአራት አምስት ዓረፍተ ነገር አላለፈም። ወይዘሮ ባንቻየሁ ሳይንቀሳቀሱ ሰሙት።

«ሰነፍ ሆንንባችሁ?»

«አዎ።»

«ታማኝ ስለ ሆንን ጨዋታው አልጣማችሁም?»

«አዎ።»

«ከዚያ በውሻህ ስም ጠራኸን።» ያፌትን አንተ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። «ስንት ዓመት ነው አንተ ዋስ ስትሆነኝ የኖርከው? በየበሩ አውራ ጣትህን እያሳረፍክ? እኔ ደግሞ በየጊዜው እግዜር ይስጥልኝ ስልህ።»

ሳቅ የመሰለ ነገር ከጉሮሯቸው ወጣ፤ ወዲያው ደረቀ።

«ይህን አሁን ለመኪኖቹ ብትነግራቸው ይመለሳሉ?»

«ነግሬያለሁ። አይመለሱም።»

ወይዘሮ ባንቻየሁ ማተቡን ቆርጠው ቁልፉን አወጡ። ወደ መዘውሩ ዞሩ እንጂ ወደ መንገዱ አልዞሩም። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሣ።

«ወይዘሮ ባንቻየሁ፣ እባክዎ አይንኩት!» ያፌት ክንዳቸውን ያዘ። «የሚጠብቀው ይህን ነው። ኅዳር ነው፤ ሦስተኛው ዓመት ነው። አሁን ከዘጉት እውነት ያደርጉታል። ለዘላለም እውነት ይሆናል።»

«ካልዘጋሁትስ?»

ያፌት ወደ መኪኖቹ ዞረ።

«ንገረኝ እንጂ። ካልዘጋሁት መኪኖቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ይወስዷችኋል።»

«ወስደውን ሲያበቁ በመጽሐፉ ላይ ምን ይባላል? ታማኞች ነበሩ ይባላል?»

ያፌት ሊዋሽ አሰበ። በሕይወቱ አንዴ እንኳ ሰው የሚጠቅም ውሸት ቢዋሽ ምን ነበረበት። ግን ሴትዮዋ ዓይኑን እያዩት ነበር።

«በጊዜ ስለ ተነሡ ክህደቱ ቀረ ይባላል።»

«እንግዲያው ክንዴን ልቀቀው፣» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ውኃው ሲቆምባቸው ታች ያሉት ሰዎች ቢያንስ ሽቅብ ያያሉ። ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ሽቅብ አይቶን አያውቅም።»

ለቀቃቸው። መዘውሩ መጀመሪያ አልታዘዘም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦታው ስላልተንቀሳቀሰ ዝጓል። ልጃቸው አገዛቸው፤ ከዚያ ሌላ ሰው። ብረቱ ሲጮህ ሶልያና ሆዷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በሩ ወረደ።

ያፌት ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውኃው ወዲያው አልጠፋም፤ ለጥቂት ጊዜ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መፍሰሱን ቀጠለ፤ ከዚያ ቀጠነ፤ ድንጋዮቹም ጥቁርና እርጥብ ጀርባቸውን ማሳየት ጀመሩ። መኪኖቹ ከመታጠፊያው ወጥተው ቆመዋል።

ኪሱ ውስጥ ያለችው የሥራ መሣሪያ ነዘረች።

«አዲስ ክስተት። አንዞራ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ኅዳር። ምንጭ ያስገቡ።»

ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሊተወው ይችል ነበር። ነገር ግን ባዶ የተተወ ቦታ ምን እንደሚሆን በደብረ ኅሊና አይቷል፤ ያላየ ሰው መጥቶ ይሞላዋል። እናም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፍ ሳይቀዳ፣ ሳይፈጥር ጻፈ፦ «መኪኖቹ ቀድመው መጡ። ሊወስዷቸው ስለ መጡ በሩ ተዘጋ። በሥፍራው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

መልሱ ፈጥኖ መጣ።

«ምክንያትን የሚገልጹ ቃላት የክስተት ምንጭ ስላልሆኑ አልተያዙም። የተያዘው፦ በሩ ተዘጋ። በሥፍራው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የምስክሩ ቃል ከዘመዶቹ ጥቅም ጋር ስለሚቃረን የምስክርነቱ ክብደት ሙሉ አንድ ነው። ከገድለ አባ ኅሩየ ጸጋ፣ ቅጠል ፵፫ ጋር ያለው ልዩነት፦ የለም። እናመሰግናለን።»

ወይዘሮ ባንቻየሁ እጃቸውን ከዝገት በቀሚሳቸው ጠርዝ እየጠረጉ መጥተው በላዩ ቆሙ።

«ምን ጻፍክላቸው?»

«ያየሁትን።»

«እሺ፣ ምን አለህ?»

ያፌት መሣሪያዋን ጉልበቱ ላይ ደፋት። ታች፣ ከመኪኖቹ ሰዎች መውረድ ጀምረው ነበር።

«አመነኝ፣» አላቸው።